ሁለት አስከሬን በአንድ ቤት፦ መጀመሪያ የሞተው ማን ነው?

የማታ ወፍ (ውይይቱን የጀመረ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ሲኤስአይ የሚባለውን የአሜሪካ የወንጀል ምርመራ ድራማ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ እያየሁ ነው። ላስ ቬጋስ ያለውን ዋናውን ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ጀምሮ በ2015 እስኪያበቃ 15 ምዕራፍ ሄዷል። ገና ብዙ ይቀረኛል።

ከወንጀል ታሪኮች ሁሉ አንድ ዓይነት ይለይብኛል። ጸጥ ያለ የከተማ ዳርቻ ሰፈር። ሣሩ በልክ የታጨደ ግቢ። ባልና ሚስት ቤታቸው ውስጥ ተገድለው ተገኝተዋል። በሩ አልተሰበረም። የተወሰደ ዕቃ የለም። ጎረቤት ምንም አልሰማም። ከዚያ የሌሊት ተረኛው ቡድን ባትሪውን ይዞ ይገባል። ለተወሰነ ደቂቃ ማንም ብዙ አያወራም። ወለሉን ያያሉ፣ ግድግዳውን ያያሉ፣ ጎንበስ ይላሉ። ለእኔ ከሙሉው ክፍል ምርጡ ይሄ ነው።

ቅር የሚለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሁለት ሰው ተገደለ ማለት የአንድ ሰው ግድያ ሁለት ጊዜ ተፈጸመ ማለት አይደለም። ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ሲሞት ሌላኛው የት ነበር? ሰምቷል? ሊረዳ መጥቷል? ሊያመልጥ ሞክሯል? ገዳዩ የመጣው ለሁለቱም ነው፣ ወይስ አንደኛው ቤት ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ነው የሞተው? ይሄ ሁሉ የሚፈታው አንድ ጥያቄ ሲመለስ ነው፦ መጀመሪያ የሞተው ማን ነው?

ድራማዎቹ ይህን ጥያቄ ያነሱታል። ከዚያ ተጠርጣሪ ብቅ ሲል ይረሱታል። ሁለቱ ሰዎች "ሟቾቹ" ተብለው አንድ ላይ ይጠቀለላሉ፣ በቃ።

ጥያቄዬ ሙያው ላላችሁ ነው። በእውነተኛው ምርመራ ቅደም ተከተሉ ሊታወቅ ይችላል? ወይስ የማይቻል ነገር እየጠየቅኩ ነው?

ሦስተኛ ዓይን

በድራማው ሐኪሙ ቴርሞሜትር ጉበት ውስጥ ከትቶ የሞቱበትን ሰዓት ይናገራል። ያ እውነት ከሆነ ቀላል ነው። ሁለቱንም ለክቶ ማነጻጸር ነው። እውነት ነው ወይ?

ነጭ ካፖርት

ሦስተኛ ዓይን፣ መለካቱ እውነት ነው። ደቂቃው ግን እውነት አይደለም።

ላብራቶሪ ነው የምሠራው። አንዳንዴ የወንጀል ስፍራም እወጣለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ታገሱኝ።

ሰው ሲሞት ሰውነቱ ቀስ በቀስ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይወርዳል። በሰዓት አንድ ዲግሪ ገደማ የሚል የቆየ ግምት አለ። ግን ወፍራም ሰው ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ቀጭን ሰው ቶሎ። አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ የሞተ ሰውና ሴራሚክ ወለል ላይ የወደቀ ሰው እኩል አይቀዘቅዙም። መስኮት ክፍት ከሆነ ደግሞ ሌላ ሂሳብ ነው። ይህን ሁሉ አስገብቶ የሚያሰላ የሄንስገ ሰንጠረዥ የሚባል አለ፤ ሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። እሱ እንኳን ሁኔታው ሁሉ ሲመቻችለት የሚሰጠው ሰዓት 2.8 ሰዓት ያህል ወደኋላም ወደፊትም ሊሄድ ይችላል። በግማሽ ሰዓት ልዩነት የሞቱ ባልና ሚስትን በዚህ መለየት አይቻልም።

የሰውነት መድረቁም እንደዚያው ነው። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ መንጋጋ አካባቢ ይጀምራል። ወደ 12 ሰዓት ሲሆን መላ ሰውነት ይደርቃል። አንድ ቀን ካለፈ በኋላ መልሶ ይላላል። ግን እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከመሞቱ በፊት የታገለ ወይም የሮጠ ሰው ቶሎ ይደርቃል፤ ጡንቻው ጉልበቱን ጨርሷልና። ስለዚህ በአንድ ሰዓት የሞቱ ሁለት ሰዎች አንዱ ደርቆ፣ ሌላው ገና ሳይደርቅ ሊገኙ ይችላሉ። ልምድ የሌለው ሰው የደረቀውን አይቶ "ይሄ ቀድሞ ሞቷል" ይላል። ምናልባት ግን ያ ሰው የታገለው ነው።

ቅደም ተከተሉን በአብዛኛው የሚናገረው የሰውነት ሰዓት አይደለም። ደም ነው። የማን ደም የት ተገኘ የሚለው። ገዳዩ አንድ ቢላዋ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ከሄደ የመጀመሪያውን ሰው ደም ወደ ሁለተኛው ይወስዳል። የሚስትዬው ደም ባልየው ቁስል ዙሪያ ተገኝቶ፣ የባልየው ደም ግን እሷ ላይ ከሌለ፣ ቀስቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል። የጫማ ዱካም እንደዚሁ ነው። ከመኝታ ቤት ወደ ኮሪደር የሚሄደው ዱካ የማንን ደም ይዟል? እየሳሳ የሚሄደው ወደ የት ነው?

ግን ይሄም ወጥመድ አለው። የእሷ ደም በእሱ ሸሚዝ ደረት ላይ ብዙ ሆኖ ከተገኘ ገዳዩ ያመጣው ላይሆን ይችላል። እሱ አግኝቷት አቅፏት ሊሆን ይችላል። ገዳዩ ያንጠባጠበው ደምና እቅፍ ያተመው ደም ቅርጻቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ጠብታ ነው። ሁለተኛው የተጫነ፣ የጨርቁን ስፌት የያዘ እድፍ ነው። ይህን የምለይበት ጊዜ ሁሌም ይከብደኛል። ሥራ ነው፣ ግን ይከብዳል።

ክፍል ሰባት

የመጨረሻውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አመሰግናለሁ እህቴ።

መዝገብ አገላባጭ

ነጭ ካፖርት ያለችውን የሚያሳይ እውነተኛ መዝገብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 በሰሜን ካሮላይና፣ ፎርት ብራግ በሚባለው የጦር ሰፈር ውስጥ ነው። የአንድ ወታደራዊ ሐኪም ነፍሰ ጡር ሚስትና ሁለት ሴት ልጆቹ ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። እሱ ቆስሎ ተረፈ። ሰዎች ቤቱን ሰብረው... ይቅርታ፣ "ሰብረው" አላለም፤ ሰዎች ገብተው ጥቃት አደረሱብን ነው ያለው።

ያኔ ዲኤንኤ የለም። ግን አንድ ያልተለመደ ነገር ነበር። የአራቱም የቤተሰቡ አባላት የደም ዓይነት ይለያይ ነበር። አንዱ ኤ፣ አንዱ ቢ፣ አንዱ ኤቢ፣ አንዱ ኦ። ስለዚህ መርማሪዎቹ በየክፍሉ የፈሰሰውን ደም የማን እንደሆነ በደም ዓይነት ብቻ ለይተው፣ ማን የት እንደተመታ፣ ማን ከየት ወደ የት እንደተወሰደ ካርታ መሥራት ቻሉ። ካርታው ከሐኪሙ ታሪክ ጋር አልገጠመም። እ.ኤ.አ. በ1979 ተፈረደበት። እሱ ግን ንጹሕ ነኝ ማለቱን አላቆመም።

የዚያ ቤት አያያዝ ደግሞ መጥፎ ምሳሌ ነው። ወታደራዊ ፖሊሶች እንደልብ ይገቡ ይወጡ ነበር፣ ዕቃ ተነካክቷል። ክርክሩ ለአሥርተ ዓመታት የቀጠለው በዚህም ምክንያት ነው። የማታ ወፍ የሚወዳቸው እነዚያ ጸጥ ያሉ ደቂቃዎች ለዚህ ነው የሚያስፈልጉት። ማንም ሳይረግጥ መታየት ያለበት ነገር ስላለ።

የማታ ወፍ

ነጭ ካፖርት፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰጥተሽ ስለጻፍሽ እግዜር ይስጥልኝ። "ምናልባት ያ ሰው የታገለው ነው" ያልሽው ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ድራማ በዚያ ላይ ብቻ ቢሠራ አንድ ሙሉ ክፍል ይወጣዋል።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ለምንድነው ሁሌም በባትሪ የሚሠሩት? መብራት ለምን አያበሩም? ለሙድ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ነጭ ካፖርት

ለቴሌቪዥን ለሙድም ነው። ግን ምክንያት አለው። ባትሪውን ወለሉ ላይ አጋድመህ ስታበራ አቧራ ላይ ያለ የጫማ ዱካ ጥላ ይሠራል። ከላይ በሚወርድ መብራት የማይታየው በጎን ብርሃን ይወጣል። ፎቶ አንሺዎቻችንም እንደዚያ ነው የሚያነሱት።

ሌላው ምክንያት ማብሪያው ራሱ ማስረጃ ስለሆነ ነው። ማን ነካው? ደም አለበት? ስንደርስ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ? ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሁለት ሰው በሞተበት ቤት ግን ትንሽ አይደለም። መኝታ ቤቱ ጨለማ፣ ኮሪደሩ በርቶ ከተገኘ፣ አንድ ሰው ነቅቶ ተነስቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ፍሬም

ስለ ድራማ ጽሑፍ ትንሽ ስለማውቅ ከዚያ ወገን ልናገር።

ቅደም ተከተሉ ለምን እንደሚረሳ አውቃለሁ። የአንድ ክፍል ርዝመት ያለ ማስታወቂያ ከ45 ደቂቃ አያልፍም። በዚያ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ተጠርጣሪ መምጣት አለበት። ተጠርጣሪ ፊት አለው፣ ይዋሻል፣ ያለቅሳል፣ ተዋናይ ይፈልጋል። ቅደም ተከተል ፊት የለውም። ስለዚህ ጸሐፊው ጥያቄውን ለመክፈቻ ይጠቀምበትና ይተወዋል።

ሌላ ችግርም አለ። በነዚህ ድራማዎች አንድ ቡድን ሁሉን ይሠራል። ስፍራውን ይፈትሻል፣ ናሙናውን ላብራቶሪ ይመረምራል፣ ተጠርጣሪውን ይጠይቃል፣ ሲያዝም እዚያው ይገኛል። ሲኤስአይ ላይ ግሪሶም የነፍሳት ባለሙያ ነው፤ ካትሪን ደም ታነባለች። ግን ሁለቱም የጥያቄ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ታያላችሁ። በእውነቱ እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ሥራ ናቸው። ድራማው ሲያዋህዳቸው ጥርጣሬ የሚፈጠርበት ቦታ ይጠፋል። ደሙን ያነበበው ሰው ያመነበትን ተጠርጣሪ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ያረጋግጣል። ማን ይሞግተው?

እኔ ብጽፈው ክርክሩን በቡድኑ ውስጥ ነው የማደርገው። አንዷ "እሱ ቀድሟል" ትላለች፣ ሌላው "እሷ ቀድማለች"። ሁለቱም ደህና ማስረጃ አላቸው። ማን ቀደመ በሚለው መልስ መሠረት ተጠርጣሪው ይለዋወጣል። እሷ ከቀደመች ፍለጋው ወደ እሷ ሕይወት ነው፤ እሱ ከቀደመ ወደ እሱ ሥራ። ቅደም ተከተሉ ፊት የሚያገኘው ያኔ ነው።

ሦስተኛ ዓይን

ዲኤንኤ እያለ ይሄ ሁሉ ክርክር ለምን? ገዳዩ ቤቱ ውስጥ ዲኤንኤ ይተዋል፣ ይገኛል፣ አለቀ።

ነጭ ካፖርት

ወንድሜ፣ ዲኤንኤ ማን እንደነበረ ይናገራል። መቼ እንደነበረ አይናገርም። ገዳዩ ወንድም፣ የቀድሞ ጓደኛ፣ ቁልፍ የተሰጠው ጎረቤት ከሆነስ? የእሱ ዲኤንኤ እዚያ ቤት ውስጥ ቢገኝ ምን ይገርማል? ባለፈው እሑድ ምሳ በልቶ ሄዶ ይሆናል። በሩ ሳይሰበር የሚገደሉ ሰዎች ታሪክ ላይ ከባዱ ነገር ይሄ ነው። ገዳዩ እንግዳ ካልሆነ አሻራውም ዲኤንኤውም ቤተኛ ነው። ጥያቄው የሚሆነው "ነበረ ወይ?" ሳይሆን "ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነበረ ወይ?" ነው። ደም ላይ የታተመ አሻራና ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ያለ አሻራ አንድ አይደሉም።

መዝገብ አገላባጭ

ደግሞ ዲኤንኤ በወንጀል ምርመራ የጀመረው ሰው ነጻ በማውጣት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

አሌክ ጄፍሪስ የዲኤንኤ አሻራን እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዝ፣ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አገኘ። እዚያው አካባቢ በ1983 እና በ1986 ሁለት ልጃገረዶች ተገድለው ነበር። አንድ ወጣት የሁለተኛዋን ግድያ ፈጽሜያለሁ ብሎ አመነ። ፖሊስ የመጀመሪያዋንም እሱ ነው የገደላት ብሎ ስላሰበ ጄፍሪስን ጠየቀ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው፤ ግን ያ ወጣት አይደለም። በገዛ አፉ አምኖ የነበረ ሰው ነጻ ወጣ። ከዚያ ፖሊስ በሺዎች ከሚቆጠሩ የአካባቢው ወንዶች ደም ወሰደ። ገዳዩ ሌላ ሰው በስሙ ደም እንዲሰጥለት አድርጎ ነበር። ያ ሰው መጠጥ ቤት ውስጥ ሲያወራ ተሰማና ነገሩ ወጣ። በ1988 መጀመሪያ ተፈረደበት።

ልብ በሉ፤ ሳይንሱ ሁለቱን ግድያዎች አገናኘ። ሰውዬውን ያስያዘው ግን የሰው ወሬ ነው። ድራማ ውስጥ ኮምፒውተሩ "ተገኝቷል" ብሎ ፎቶ ያወጣል።

ሕግ አንባቢ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ከትናንት ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። በጠበቃነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። "ማን ቀድሞ ሞተ" የሚለው ጥያቄ ለድራማ ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። በሕግ ዘንድ የቆየና ከባድ ጥያቄ ነው።

ባልና ሚስት በአንድ ሌሊት ሞቱ እንበል። ልጅ የላቸውም። እሱ በደቂቃ ቀድሞ ከሞተ ንብረቱ ለእሷ ይተላለፋል፣ ከእሷ ወደ እሷ ቤተሰብ። እሷ ከቀደመች ተገላቢጦሽ ነው። ማን እንደሚወርስ የሚወስነው ያ ግማሽ ሰዓት ነው። ነጭ ካፖርት የማይለካ ነው ያለችው ግማሽ ሰዓት።

የእንግሊዝ ሕግ ይህን እ.ኤ.አ. በ1925 እንዲህ ፈታው። ማን እንደቀደመ ካልታወቀ፣ በዕድሜ ታላቁ ቀድሞ እንደሞተ ይቆጠራል። አሜሪካኖቹ ሌላ መንገድ ያዙ። በብዙ ግዛቶች አንዱ ሌላውን ቢያንስ 120 ሰዓት ካልቆየ፣ ማለትም አምስት ቀን፣ ለውርስ ጉዳይ ቀድሞ እንደሞተ ይወሰዳል። በደቂቃ የሚደረገውን ክርክር ለማስቀረት ነው።

ገዳዩ ወራሽ ከሆነስ? በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1889 የተወሰነ ታዋቂ መዝገብ አለ። የልጅ ልጅ አያቱን ኑዛዜውን እንዳይቀይር ብሎ በመርዝ ገደለ። ሕጉ ገዳይ አይወርስም የሚል ቃል አልነበረውም። ፍርድ ቤቱ ግን ማንም ከገዛ ወንጀሉ መጠቀም የለበትም ብሎ ከለከለው። ፍሬም፣ ለጽሑፍህ የምትፈልገው ተጠርጣሪ እዚህ ውስጥ አለ። ቅደም ተከተሉ የተቀየረለት ሰው ማን ነው? እሱን ፈልግ።

ፍሬም

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። ይሄ እኮ ሙሉ ታሪክ ነው። ከግድያው በኋላ ቅደም ተከተሉን ለመቀየር የሚሞክር ሰው። ገድሎ አስከሬን የሚያንቀሳቅስ።

ነጭ ካፖርት

አስከሬን ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ቆዳው ይናገራል። ልብ ሲቆም ደም በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ታች በተኛው በኩል ቆዳው ወይን ጠጅ ይሆናል። ከስምንት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀለሙ እዚያው ይጸናል። ከጸና በኋላ ሰውየውን ብታገላብጠው ቀለሙ ጀርባው ላይ ይቀራል፣ አንተ ግን በሆዱ ተኝቶ ታገኘዋለህ። ስለዚህ የጋሼ ወራሽ ከተንቀሳቀሰ ቶሎ መንቀሳቀስ አለበት።

ዝምታ

ሁላችሁም በእውቀት ነው የምታወሩት፣ አከብራችኋለሁ። ግን የሚረብሸኝን ልናገር።

የቅርብ ሰዎቼን በእንዲህ ያለ ነገር ያጣሁ ነኝ። ዝርዝሩን አልጽፍም። ስለ ቤቱ ብቻ ልንገራችሁ። መርማሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ቤቱ ለቤተሰብ ይመለሳል። የአሻራ ጥቁር ዱቄት በሮቹ ላይ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ቀርቶ ነበር። ምንጣፉ ላይ የተቆረጠ አራት ማዕዘን ቦታ ነበር። የሚጸዳው በእኛ ነው። ማንም አልነገረንም ነበር። ያንን ዱቄት እየጠረግኩ ነበር የቀብር ስልክ የማነሳው።

ድራማው ውስጥ ይህ የለም። ሟቾቹ የሚታዩት ሞተው ነው፣ ወይም በአንድ የግድግዳ ፎቶ። የማታ ወፍ መጀመሪያ የጻፍከውን ሳነብ ሁለቱን ሰዎች ለየብቻ ማየት እንደምትፈልግ ገባኝ። ለዚያ ነው የጻፍኩት። እኔም የምጠይቀው እሱን ነበር፤ ማን ቀደመ የሚለውን። ሌሎች ሰዎች ለምን ይጠቅምሻል ይሉኝ ነበር። ብቻውን የነበረው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።

የማታ ወፍ

እህቴ ዝምታ፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም። "ብቻውን የነበረው ማን እንደሆነ" ያልሽው እኔ በቃላት ልገልጸው ያልቻልኩት ነው።

ነጭ ካፖርት

ዝምታ፣ ያ ዱቄት ከእጅም ከግድግዳም በቀላሉ አይለቅም። እናውቀዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ለቤተሰብ የሚያስረዳ ሰው እንዲኖር እንጠይቃለን፣ ሁሌ አይኖርም። መኖር ነበረበት። ስላልነበረ አዝናለሁ።

ሕግ አንባቢ

ያጽናሽ ልጄ።

ሦስተኛ ዓይን

ዝምታ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። "አለቀ" ብዬ የጻፍኩት አሁን ከበደኝ።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ገዳዩ ቤቱን ካጸዳስ? ሁሌ ሰማያዊ መብራት አብርተው ደሙን ያገኙታል። እንዴት ነው እሱ?

ነጭ ካፖርት

መብራት አይደለም፣ ሉሚኖል የሚባል ፈሳሽ ነው። ይረጫል፣ ደም ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ ራሱ ሰማያዊ ያበራል። ጨለማ ይፈልጋል፣ የሚቆየውም ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። ካሜራው ቀድሞ ካልተዘጋጀ ያልፍሃል። በረኪናም ያበራዋል። ስለዚህ በበረኪና የታጠበ ወለል ሙሉውን ሊበራ ይችላል። ያኔ የምናየው የመጥረጊያውን እንቅስቃሴ ነው። አንድ ሰው ሌሊት ላይ ተንበርክኮ የት ድረስ እንደፈተገ። ሉሚኖል ብቻውን "ደም ነው" አያሰኝም፣ ሌላ ምርመራ ይከተለዋል።

የደም ቅርጽ ንባቡም ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ የፎረንሲክ ዘዴዎችን የገመገመ ትልቅ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ስለ ደም ፍንጣቂ ትንተና የጻፈው ከባድ ነው፤ እርግጠኛ ያልሆነው ነገር እጅግ ብዙ እንደሆነ ነው ያለው። ካትሪን ግድግዳ አይታ ታሪኩን ስትተርክ ደስ ይላል። እኔ ሪፖርት ላይ የምጽፈው "ከዚህ ጋር አይጋጭም" የሚል ነው። ከዚያ አላልፍም።

ክፍል ሰባት

እውነተኛ የከተማ ዳርቻ ጥንድ ግድያ ስናወራ የቀድሞ ሚስቱንና ጓደኛዋን በመግደል የተከሰሰውን የአሜሪካ እግር ኳስ ኮከብ ኦ.ጄ. ሲምፕሰንን ማንም አላነሳም። ሰኔ 1994 (እ.ኤ.አ.)፣ ሎስ አንጀለስ፣ ብሬንትዉድ። ያማረ ሰፈር፣ ሁለት ሰው ደጃፍ ላይ። ፖሊስ ከቤት ውስጥ ብርድ ልብስ አምጥቶ አንዷን ሟች ሸፈነ። ሰው አክብሮ ነው፣ እረዳለሁ። ግን ብርድ ልብሱ የቤቱን ጸጉርና ክር ሁሉ ይዞ መጣ። እርጥብ የደም ናሙናዎች በላስቲክ ከረጢት ተደርገው ሙቀት ያለበት መኪና ውስጥ ቆዩ። አስከሬን መርማሪው የተጠራው ከሰዓታት በኋላ ነው። ጠበቆቹ እያንዳንዷን አንስተው ጠየቁ። በ1995 በነጻ ተለቀቀ፣ በኋላ በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ ሆነ።

ሲኤስአይ የጀመረው ከዚያ ፍርድ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ሰዎች ንጹሕ፣ የማይሳሳት ቡድን ለማየት ቢጓጉ ይገርማል?

ነጭ ካፖርት

አዎ፣ እርጥብ ደም በወረቀት ከረጢት ነው የሚገባው። ላስቲክ እርጥበቱን ያፍነዋል፣ ባክቴሪያው ዲኤንኤውን ይበላዋል። ሁለት ሟች ሲኖር ደግሞ ሁሉ ነገር ለየብቻ ነው። የአንዱን እጅ በወረቀት ሸፍነህ ስትጨርስ ጓንትህን ትቀይራለህ። ካልቀየርክ ያ ከላይ የጻፍኩት ቀስት ይጠፋል። የእሷን ደም ወደ እሱ የወሰደው ገዳዩ ነው ወይስ አንተ? ከዚያ በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

የማታ ወፍ

ትናንት ማታ አንዱን ክፍል በዚህ ሁሉ ዓይን አየሁት። ሲኤስአይ አይደለም፣ ሌላ ነው። እንደገና ባልና ሚስት፣ እንደገና ጸጥ ያለ ሰፈር። ፖዝ እያደረግኩ ነበር። እሷ መኝታ ቤት፣ እሱ ኮሪደር ላይ በግንባሩ ወድቆ። ሸሚዙ ደረቱ ላይ እድፍ አለ። ጠብታ ነው ወይስ የተጫነ ብዬ ለማየት ወደኋላ መለስኩት። ካሜራው አንድ ሰከንድ እንኳን አልቆየበትም። ፊቱ ወደ መኝታ ቤቱ ነው። እየሄደ ነበር ወይስ እየወጣ? ማንም አልጠየቀም።

አንድ ነገር ግን አገኘሁ። ገና ሲጀምር የመጀመሪያው ፖሊስ ይገባል፣ ጨለማ ነው፣ እጁን ዘርግቶ የኮሪደሩን መብራት ያበራል። ያለ ጓንት። ከዚያ ቡድኑ ይመጣል፣ ክፍሉ ሁሉ በርቷል፣ ታሪኩ ይቀጥላል። ነጭ ካፖርት፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

ነጭ ካፖርት

ፖሊሱን ወደ ጎን ወስጄ አንድ ነገር እጠይቀው ነበር። ስትገባ መብራቱ ጠፍቶ እንደነበር እርግጠኛ ነህ? አዎ ካለኝ፣ ሰውየው ኮሪደሩ ላይ የወደቀው በጨለማ ነው ማለት ነው፣ ወይም ሌላ ሰው ሲወጣ አጥፍቶታል። ከዚያ ከማብሪያው ላይ አሻራ አነሳለሁ። የፖሊሱ አሻራ ከላይ ይኖራል። ከሥሩ ያለውን ነው የምፈልገው።

ዝምታ

እኛ ቤት በርቶ ነበር የተገኘው። ይህን እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም ነበር። ነጭ ካፖርት፣ አመሰግናለሁ።